ነቢያት ጣዖት ማምለክን ለምን «ግልሙትና» አሉት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ትንቢተ ሆሴዕን እያነበብኩ ነው። ገና ምዕራፍ 1 ላይ እግዚአብሔር ነቢዩን ጋለሞታ አግባ ይለዋል። ጎሜርን አገባ፣ ሦስት ልጆችም ወለደች። የመጨረሻው «ሎዓሚ» ተባለ፣ ሕዝቤ አይደላችሁም ማለት ነው። ልቤን ነካው። ግን ጣዖት ማምለክ ትእዛዝ መጣስ ከሆነ «አመፃ» ማለት አይበቃም ነበር? ትዳር ለምን ገባበት?

የማታ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ምዕራፍ 2ን ረጋ ብለህ እየው። እዚያ ሚስቲቱ እስራኤል ናት፣ ባሏ ደግሞ እግዚአብሔር። «ባሌ» ትይኛለሽ እንጂ ከእንግዲህ «በኣሌ» አትይኝም ይላታል። በዕብራይስጥ በኣል የጣዖት ስም ብቻ አይደለም፤ ጌታም ባለንብረትም ባልም ማለት ነው። የኛው «ባል» እና «ባለቤት» ዘመዶቹ ናቸው፣ ስለዚህ ነገሩ ለኛ ጆሮ ቅርብ ነው። በከነዓን ደግሞ በኣል ዝናብ ሰጪ ተብሎ ይመለክ ነበር። እህሉን፣ ወይኑን፣ ዘይቱን የሰጣት ባሏ ሆኖ ሳለ እሷ ግን ውሽሞቼ ናቸው የሚያበሉኝ እያለች ተከትላቸው ትሄዳለች። ሆሴዕን ያንገበገበው ይሄ ነው። «አመፃ» ብቻ ቢለው ይሄ ሕመም የት ይገባል?

የሐዋሳዋ፦
እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ሕዝቅኤል 16 እና 23ን ሳነብ መጨረስ አቅቶኝ መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ። በሴቲቱ ላይ የሚወርደው ቅጣት ለሴት አንባቢ በጣም ይከብዳል። ቆይቶ የገባኝ ነገር፣ ነቢያቱ በአብዛኛው የሚናገሩት ለነገሥታት፣ ለካህናትና ለሽማግሌዎች መሆኑ ነው። ከዳተኛዋ ሚስት እናንተ ናችሁ የሚባሉት ወንዶቹ ናቸው። ቢሆንም አልቀለለኝም። ደግሞ 23 ላይ ከሁለቱ እህትማማቾች ኦሖላ ሰማርያ ናት፣ የሰሜኑ እስራኤል ዋና ከተማ፤ ኦሖሊባ ኢየሩሳሌም። ውሽሞቻቸው የአሦር፣ የባቢሎንና የግብፅ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ክህደቱ ጣዖት ብቻ አይደለም፣ በባዕድ ጦር መታመንም አለበት።

ዘደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ከባድ ነው። ኤርምያስ 3ንም ጨምሩበት። በዘዳግም 24 ሕግ የተፈታች ሴት ሌላ ካገባች በኋላ የቀድሞ ባሏ መልሶ ሊያገባት አይችልም። ኤርምያስ ይህንኑ ሕግ ያነሳል። ሰሜናዊቷ እስራኤል የፍቺ ጽሕፈት ተሰጥቷታል፣ ሰማርያም በ722 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ በአሦር እጅ ወድቃለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ እግዚአብሔር በኤርምያስ አፍ ወደ ሰሜን «ተመለሺ» ይላታል፣ ሕጉ በሩን ዘግቶ እያለ!

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካ ሆሴዕ 3 ላይ 15 ሰቅል (የጥንት የክብደት መለኪያ) ብርና ገብስ ከፍሎ ሴቲቱን የሚወስዳት ለዚህ ነው። ዝም ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ዘዳግም 24ን ላነብ ነው።