«የእስላም ሥጋ ያስጠላል» ላለች የ5 ዓመት ልጅ ምን ይባላል?

ጥያቄ (እናት፣ ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 5 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አጸደ ሕፃናት ገብታለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ሙስሊም ናት፤ በጣም ይዋደዳሉ። ሰሞኑን ልጅቱ ከምሳ ዕቃዋ ጥብስ ስታካፍላት የእኔዋ «የእስላም ሥጋ ነው፣ ያስጠላል» ብላ ገፋችው። ጓደኛዋ አለቀሰች። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ሥጋውን እንድትበላ አልፈልግም። ጓደኛዋን እንድትንቅ ደግሞ በፍጹም አልፈልግም። ሁለቱን እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

መልስ (የአጸደ ሕፃናት መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)
እህቴ፣ «አልበላም» ማለቷ ችግር የለውም። ያስከፋው «ያስጠላል» ያለችው ነው። ይህን ቃል አስጥለሽ ሌላ አስይዣት። እኔ ክፍሌ ውስጥ የማስለምዳቸው «አመሰግናለሁ፣ እኛ ቤት ይሄን አንበላም» የሚለውን ነው። በጨዋታ አለማምጃት፤ አንቺ ምሳ አቅርቢላት፣ እሷ ትመልስ። ሲደጋገም አፏ ይለምደዋል። ለምን ካለችሽ አታርዝሚው፦ «እኛ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እንበላለን፤ እነሱ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ይበላሉ።» በቃ። ደግሞ ቃሉን ከየት እንዳመጣችው አጣሪ። ቡና ላይ የሚወራውን ልጆች ሁሉንም ይሰማሉ።

መልስ (አባት፣ ሸዋ ሮቢት)
እኔ ሙስሊም ነኝ። የእኔም ልጆች የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ በዚህ አትጨነቂ። እኛ ሰፈር ክርስቲያን ጎረቤት ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም ፍየል ለብቻ ይገዛል። የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ሳህኑም ለብቻ ነው። እኛም ስንድር ለክርስቲያኖቹ እንደዚያው እናደርጋለን። ልጆቼን ይዣቸው ሄጄ ሁለቱንም ድስት አሳያቸዋለሁ። «ይሄን ያዘጋጁት እኛን ብለው ነው» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ማታ ደግሞ የነጃሺን ታሪክ አወራላቸዋለሁ። በ615 እ.ኤ.አ. ግድም የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ተሰደው አክሱም ገቡ። አሳዳጆቻቸው ስጦታ ይዘው መጥተው «ስጠን» ቢሉት፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ እንግዶቼን አልሰጥም አለ። ይህ ታሪክ የሁላችንም ነውና ለልጅሽ አውሪላት።

መልስ (አያት፣ አልዩ አምባ)
ልጄ፣ እኛ ጋ አማራውም አርጎባውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ገበያ ነው የሚውለው። የማያገናኘን ሥጋው ብቻ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሽሮ ለሁሉም ይሆናል። የሚካፈሉት ነገር በምሳ ዕቃዋ ቋጥሪላት። በዓላቸው ሲደርስም ይዘሻት ሂጂና «እንኳን አደረሳችሁ» በሉ። «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» ግን አትበያት። የራሷ የቱ እንደሆነ ግራ ይገባታል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከነገ ጀምሬ ሙዝና ዳቦ እቋጥርላታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ለምን ማተብ የላትም?» እያለች ትጠይቀኛለች።

መልስ (መምህርቷ)
«ማተብ የምናስረው እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ የእሷ እናት ደግሞ ሂጃብ ታደርጋለች» በያት። አንድ ነገር የጎደላት እንዳይመስላት የእነሱንም አብረሽ ጥሪላት። እና የልጅቱን እናት በር ላይ ስታገኛት አናግሪያት። ልጇ እያለቀሰች ነው የገባችው፤ ምን ብላ እንደነገረቻት አይታወቅም።