የዕቅድ ውይይት፦ ለምንጣሮና ለመግረዝ ሥራ የቆዳ ሽፍታ መከላከያ የጋራ ፕሮፖዛል

የማህበሩ ጸሐፊ፦

እንደምን ዋላችሁ። ለወረዳው የምናስገባው ፕሮፖዛል የደህንነት ክፍሉ ላይ ቆሟል። እስካሁን የተጻፈው «ለ24 ሠራተኞች የቆዳ ቅባትና የአለርጂ ክኒን ግዢ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ሥራው የምታውቁት ነው፤ ከየካ አባዶ እስከ ለገጣፎ መዳረሻ የወንዝ ዳር ምንጣሮ፣ የግራቪሊያ መግረዝ፣ የቁልቋል አጥር ማስተካከል። አንድ አባል ለአሜሪካ ሠራተኞች የተዘጋጀ የፖይዝን አይቪ (ዘይቱ ቆዳ ላይ ሽፍታ የሚያወጣ ተክል) መመሪያ አምጥቶ «ይህንኑ ተርጉመን እናያይዘው» ብሏል። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦

መመሪያውን አይቼዋለሁ፣ ለአገሩ ጥሩ ነው። ፖይዝን አይቪ ግን የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው፤ እኛ ወንዝ ዳር የለም። «ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን አትንኩ» የሚለውን ብንገለብጥ ሰዉ ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ ሲሸሽ ውሎ ግራቪሊያውን በባዶ ክንዱ ያቅፋል።

እኛን የሚያስቸግሩን ሌሎች ናቸው። ሳማን ሁሉም ያውቀዋል። የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቅንጬ አረም፣ ማለትም ፓርቴኒየም፣ ከአዳማ መስመር በአሸዋና በጭነት መኪና እየመጣ መንገድ ዳር ይበቅላል። ግራቪሊያን ግን ማንም አይጠረጥረውም፤ ጥላ ነው፣ አጥር ነው፣ ያምራል። ቅጠሉና የእንጨቱ ብናኝ ውስጥ ያሉት ሬዞርሲኖል የሚባሉ ውህዶች ከፖይዝን አይቪው ዘይት፣ ከኡሩሺዮል፣ ጋር የቅርብ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ ከአሜሪካው መመሪያ የምንወስደው ካለ ለግራቪሊያ የሚሆነውን ብቻ ነው። የቁንዶ በርበሬ ዛፍም ከፖይዝን አይቪ ጋር በአንድ ቤተሰብ ስለሚመደብ ሲገረዝ በጓንት ይሁን።

ነርስ የሆነች አባል፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ የረቂቁ ችግርም እዚያ ላይ ነው። አራቱም «አሳከከኝ» ያሰኛሉ እንጂ በሽታቸው አንድ አይደለም፣ መጀመሪያ የሚደረግላቸውም አንድ አይደለም።

ሳማ አለርጂ አይደለም። ፀጉሮቹ ቆዳ ወግተው ሂስታሚንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይረጫሉ። ሕመሙ ወዲያው ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ስህተቱ ማሸት ነው፤ ሲታሽ ገና ያልተሰበረው ፀጉር ይሰበርና ይገባል። ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይድረቅ፤ ከዚያ በፕላስተር ወይም በስኮች እየለጠፉ ማንሳት፤ በመጨረሻ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ። ሴትሪዚን የመሰለው የአለርጂ ክኒን የሚረዳው እዚህ ነው።

ግራቪሊያ ተቃራኒው ነው። ሲነካ ምንም አይሰማም። ሽፍታው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሰውየው ቤቱ ገብቷል፣ የበላውን ይጠረጥራል። ክንድ ላይ በመስመር በመስመር ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። እዚህ ላይ ጊዜ ነው ወሳኙ። የኡሩሺዮል ትምህርት እንደሚለው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የታጠበ ብዙውን ያስወግዳል፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ የሚወገደው ጥቂት ነው፣ ሰዓት ካለፈ ቆዳው ጠጥቶታል። ያኔም ቢሆን መታጠብ አይቅር፤ በእጅ ላይ የቀረው ወደ ፊትና ወደ ልጅ እንዳይሄድ ነው። በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙና፣ ሦስት ጊዜ እየታጠቡ እያለቀለቁ፣ ጥፍር ውስጥ ሳይረሳ። በብሩሽ መፈተግ አያስፈልግም። ሳኒታይዘር ቀብቶ መተው ደግሞ ዘይቱን ክንድ ላይ ማዳረስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ ስለምጠየቅ። ከቋጠረው የሚወጣው ውሃ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። «እየተስፋፋ ነው» የሚባለው ዘይቱ በብዛት የነካው ቦታ ቀድሞ፣ በትንሹ የነካው ዘግይቶ ስለሚወጣ ነው፤ ወይም ደግሞ ያልታጠበው ቱታ፣ የመጋዙ እጀታ፣ የቦቲው ገመድ እንደገና ስለሚነካው።

የግቢ ውበት ቡድን መሪ፦

እንግዲያው ቀጭን የጨርቅ ጓንት አናስገባ። እርጥበትና ጭማቂ ይጠጣና ከቆዳ ጋር አጣብቆ ያውለዋል፣ ከባዶ እጅ የባሰ ነው። የቆዳ ጓንት ለሳማ ይሆናል፣ ለግራቪሊያ አይሆንም፤ ስለማይታጠብ ዘይቱን ይዞ ይቆያል። የምንፈልገው እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት ነው፣ የቱታው እጅጌ በላዩ ላይ የሚወርድ። ለቁልቋል ደግሞ ጎኑ የተዘጋ መነጽር፣ ረጅም እጀታ ያለው መጋዝ፤ ከራስ በላይ መቁረጥ የለም፣ ከነፋስ በታች መቆምም የለም።

አወላለቁም ይጻፍ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጓንቱን አውልቆ ከዚያ በባዶ እጁ ቦቲውን ይፈታል፤ ቀን ሙሉ የተከላከለውን በሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉ፦ ጓንቱ እጅ ላይ እንዳለ በሳሙና ይታጠብ፣ ቦቲና ቱታ ይውለቅ፣ ጓንቱ በመጨረሻ ተገልብጦ ይውጣ፣ ከዚያ ክንድ፣ አንገትና ፊት ይታጠቡ። ቱታ ከቤት ልብስ ጋር አይዘፈዘፍ።

ገንዘብ ያዥ፦

ሁሉም መልካም፣ ግን ወረዳው ጓንት ይገዛልን ይሆናል እንጂ ውሃ አይገዛልንም። ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ቁጥር ስጡኝ። የምትሉት ቅባቱም ከረቂቁ ይውጣ ከሆነ ደግሞ ለምን? ሰዉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ነርስ የሆነች አባል፦

ቁጥሩ ይኸው። 24 ሰው በሦስት ቡድን ሲከፈል በቡድን 8 ነው። ለአንድ ሰው በአንድ መታጠብ 3 ሊትር፣ በቀን ሁለቴ (ምሳ ሰዓትና ማታ) 48 ሊትር። ለአስቸኳይ የሚሆን መጠባበቂያ ጨምረን በቡድን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ፈሳሽ ሳሙና በአንድ መታጠብ 10 ሚሊ ሊትር ብንል ለሁሉም በቀን ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ለ30 የሥራ ቀን 15 ሊትር ይበቃል።

የዓይን ውሃ ለብቻው ነው፣ ማንም እጁን አይታጠብበትም። የቁልቋል ወተት ዓይን ከገባ ወዲያውኑ፣ እዚያው፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ መታጠብ አለበት። በደቂቃ 1.5 ሊትር ከፈሰሰ 22.5 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ በየቡድኑ ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን፣ ውሃው በየጠዋቱ የሚቀየር፣ ላዩ ላይ «የዓይን ብቻ» ተብሎ የተጻፈበት። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚታገል አንድ ሰው ቆቡን በጣቱ ከፍቶ ይያዝለት። ቢሻለውም በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይየው፤ ሕመሙና ብዥታው ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚብሰው። የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ፣ ጎረቤት የተረፈው የዓይን ጠብታ፣ አንዱም አይግባ።

ስለ ቅባቱ፦ ረቂቁ «የቆዳ ቅባት» ብሎ ቢያልፍ ገዢው የሚያመጣው ፋርማሲ ያለውን ድብልቅ ቱቦ ነው፤ ስቴሮይድ (መቅላትና እብጠት የሚቀንስ)፣ የፈንገስና የባክቴሪያ መድኃኒት በአንድ ላይ። ኒዮማይሲን የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ያለበት ራሱ ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። ክሎቤታሶል የሚባለው ጠንካራ ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል። በሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ካላሚን ሎሽንና ንጹሕ ጨርቅ ይሁን። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ደጋግሞ ማሳረፍ ማሳከኩን ከብዙ ቅባት በተሻለ ያበርዳል። ጠንካራ ስቴሮይድ ሐኪም ይዘዘው። የአለርጂ ክኒን ለግራቪሊያ ሽፍታ እምብዛም አይሠራም፤ እንቅልፍ የሚያመጣው ዓይነት ለሌሊት ያግዝ ይሆናል እንጂ መጋዝ ለያዘ ሰው ቀን አይሰጥም።

ፊት ያበጠበት፣ ብልት አካባቢ የወጣበት፣ ሰፊ የሰውነት ክፍል የሸፈነበት፣ መግል የያዘና ትኩሳት ያለው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ካልተሻለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ይላክ። ትንፋሽ ያጠረው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ ስቴሮይድ) ከታዘዘ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት እየቀነሱ የሚወሰድ ነው። በአራተኛው ቀን «ዳንኩ» ብሎ ያቆመ ወይም አንድ መርፌ ተወግቶ የተወ ሰው ሽፍታው ሊያገረሽበት ይችላል። ስኳር፣ ግፊት ወይም ቲቢ ያለበት አስቀድሞ ይናገር።

አንድ አባል፦

ሬትስ? ጓሮ ሁሉ አለ፣ በነፃ።

ነርስ የሆነች አባል፦

ውስጡ ያለው ነጩ ዝልግልግ ያበርዳል፣ ጉዳት የለውም። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ራሱ ይቆጠቁጣል፤ ታጥቦ እስኪጠራ ይንጠፍ። ጤና አዳምና ሎሚ ግን ሽፍታ ላይ አይሹ። ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፦

ቅንጬ አረም እንዳይዘለል። አበባ ሳያወጣ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ ይነቀል፤ በማጭድ ከታጨደ እንደገና ያቆጠቁጣል። አለርጂው ደጋግሞ ከነካ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ባለፈው ዓመት ምንም ያልሆነ ሰው ዘንድሮ ፊቱ፣ አንገቱና የክርኑ እጥፋት ሊያብጥበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ጓንት አያድነውም፣ ብናኙ በአየር ይደርሰዋል። ወደ ሌላ ሥራ ይዛወር፣ ቀን ክፍያው ሳይነካ። ይቺ ሐረግ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ካልገባች ማንም ሽፍታውን አይናገርም።

ደግሞ የተመነጠረው አይቃጠል። ጭሱ የሚያስቆጣውን ነገር ወደ ዓይንና ወደ ሳንባ ይዞ ይገባል። የቁልቋል ቁራጭ አንድ ጥግ ተከምሮ ይድረቅ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት ይታጠር።

የማህበሩ ጸሐፊ፦

የመጀመሪያውን መስመር ሰርዤ በዚህ ተክቻለሁ፦ የጎማ ጓንት እስከ ክርን 24 ጥንድና 6 መለወጫ፣ ጎኑ የተዘጋ መነጽር 8 (ቁልቋል ለሚቆርጡት)፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 9፣ ባለ 25 ሊትር ባለ ቧንቧ 3፣ ፈሳሽ ሳሙና 15 ሊትር፣ ካላሚን፣ ፕላስተር፣ ንጹሕ ጨርቅ። የሥራ መዛወሩ ሐረግ ከነክፍያው ገብቷል። ማቃጠል ክልክል የሚለውም።

ገንዘብ ያዥ፦

እስማማለሁ። የቀረኝ አንድ ነው፤ ጀሪካኑ ተገዝቶ ጠዋት ማን ይሞላዋል? ሁሉም ይሞላዋል ከተባለ ማንም አይሞላውም።

የግቢ ውበት ቡድን መሪ፦

የየቡድኑ መሣሪያ ያዥ ይሙላ፤ የዓይኑ ጀሪካን ሞልቶ ቦታው ሳይደርስ መጋዝ አያስረክብ። እንዲህ ብለህ ጻፈው።