ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ፦ ሳይነሳ የሚደርስ አውሮፕላን?

ጭንቀታም፦ እባካችሁ ቶሎ! ለእናቴ ቲኬት እየቆረጥኩ ነው፤ ቦታው የሚያዝልኝ ለ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ከቶኪዮ ቅዳሜ 17:00 ተነስቶ ሎስ አንጀለስ ቅዳሜ 11:00 ይገባል ይላል። እንዴት ሳይነሳ ይደርሳል? መመለሻው ደግሞ 11:30 ተነስቶ በማግስቱ 15:15። 28 ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው! መሀል ላይ የደበቁት ማረፊያ አለ። ርቀቱ 8,800 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለ900 ሳካፍለው 10 ሰዓት አይሞላም። የሚቀበላት ሰው በየትኛው ቀን ይውጣ?

ሲራራ፦ ሳይነሳ የሚደርስ ከሆነ አንተም ሳትከፍል ቁረጥ 😂

ዋርካ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምድር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። ፓስፊክ መሀል፣ 180 ዲግሪ ኬንትሮስ አካባቢ፣ የቀን መለወጫ መስመር አለ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስትሻገረው ቀኑ አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንዳንድ ደሴቶችን ለማለፍ ይታጠፋል...

ጭንቀታም፦ እህት ነኝ። 31 ደቂቃ ቀረኝ!

መንገደኛ፦ መነሻው በቶኪዮ ሰዓት፣ መድረሻው በሎስ አንጀለስ ሰዓት ነው የተጻፈው። በስንት ወር ነው የምትሄደው?

ጭንቀታም፦ ኦገስት። ለውጥ አለው እንዴ?

መንገደኛ፦ አለው እንጂ! ኦገስት ላይ ቶኪዮ በ16 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ 17:00 ሲል ሎስ አንጀለስ ገና ቅዳሜ ከሌሊቱ 01:00 ነው። ከ01:00 እስከ 11:00፣ 10 ሰዓት። ከመመለሻሽ 27 ሰዓት ከ45 ላይ 16ቱን ቀንሺ፤ 11 ሰዓት ከ45 ይቀርሻል። የተደበቀ ማረፊያ የለም።

ቀጥታ፦ ተሳስተሃል፣ ልዩነቱ 17 ነው።

መንገደኛ፦ 17 የሚሆነው አሜሪካ ኖቬምበር ላይ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ ነው። ጃፓን ሰዓቷን አትነካካም።

ጭንቀታም፦ እሺ፣ ያው መንገድ ሲመለስ ለምን ረዘመ?

ነፋሻ፦ ንፋስ ነዋ። ላይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ጄት ስትሪም አለ፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሲሄዱ ከጀርባ ይገፋል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ደግሞም ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንከባለልበትንም ይቆጥራል። ለ900 ማካፈልሽ ግምት እንጂ መልስ አይደለም።

ዋርካ፦ እኔም ያልኩት እኮ ይህንኑ ነው።

ነፋሻ፦ አላልክም 😄

መንገደኛ፦ ተቀባዩ ቅዳሜ ይውጣ። በ11:00 ግን በር ላይ አይጠብቃት። የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ አለ፤ ከቀትር በፊት ብትወጣ ዕድለኛ ናት። መመለሻው ላይ ከ15:15 ጎን ትንሽ «+1» ካየሽ በማግስቱ ማለት ነው።

ሲራራ፦ 40 ደቂቃው አለቀ። ቆረጥሽ?

ሲራራ፦ ሄሎ?

ዘግይቶ መጪ፦ ሰዓቱ እኮ የየከተማው ነው።