ረጅሙ ክሪኬት በፓውዛ ይሁን ወይስ በቀን ብርሃን ይቅር?

ዘጠነኛው መቺ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቴስት ጨዋታ (እስከ አምስት ቀን የሚፈጀው ረጅሙ ክሪኬት) ላይ ደመና ሲከብድ ዳኞቹ የብርሃን መለኪያቸውን አውጥተው ያዩና "በቃ" ይላሉ። ፓውዛው ቦግ ብሎ እየበራ ተጫዋቹ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል። የ50 እና የ20 ኦቨሩ (አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) ጨዋታ ግን በዚያው ሜዳ፣ በዚያው መብራት እስከ ሌሊት ይቀጥላል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ መብራት እያለ በብርሃን ማነስ ማቆም ለምን ያስፈልጋል? ሁለተኛ፣ የቀንና ማታ ቴስት ከ2015 ጀምሮ እየተካሄደ ነው፤ ታዲያ ሁሉንም ቴስት ወደዚያ ማዞር ምን ይከለክላል? ሰው ከሥራ ወጥቶ ማየት የሚችልበት ሰዓት እኮ ነው።

ቀይ ቆዳ፦
ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም፣ የኳሱ ነው። በአጭሩ ጨዋታ ኳሱ ነጭ፣ ከወርዋሪው ጀርባ የሚቆመው መከለያ ጥቁር፣ ልብሱ ባለቀለም ነው። ቴስት ላይ ኳሱ ቀይ፣ መከለያውም ልብሱም ነጭ። የፀሐዩ ብርሃን ቀንሶ የፓውዛው ሲያይል ቀዩ ቆዳ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ 50 ኦቨር ያለፈው ኳስ ከሆነማ ከፒቹ (መሃል ላይ ኳሱ ከሚነጥርበት ንጣፍ) አፈር አይለይም። አደጋው ደግሞ የመቺው ብቻ አይደለም። አጠገቡ የቆመው ፊልደር (ኳስ የሚይዘው ተጫዋች) እና ከጎን ያለው ዳኛም ኳሱን ዘግይተው ነው የሚያዩት።

ደንቡ መብራት ማብራትን ይፈቅዳል። መብራት በራ ማለት ግን ጨዋታው የግድ ይቀጥላል ማለት አይደለም፤ ሁኔታው አደገኛ ነው ካሉ ዳኞቹ ያቆማሉ። መጀመሪያ ሲያቆሙ መለኪያው ያሳየው ቁጥር ለቀሪው ጨዋታ መመዘኛ ይሆናል። አንዳንዴ አምበሉ ፈጣን ወርዋሪዎቹን አሳርፎ በስፒን (ኳሱን እያሾሩ በዝግታ በሚጥሉት) ብቻ ለማስወርወር ከተስማማ ጥቂት ኦቨር ይገኛል።

ነጩን ኳስ ለምን አይጠቀሙም እንዳትል፣ ነጭ ኳስ 80 ኦቨር አይችልም። ቀለሙ ይላጣል፣ ይቆሽሻል፣ በነጭ ልብስ ላይም አይታይም። ለቀንና ማታ ቴስት የሚውለው ሮዝ ኳስ የመጣው ለዚህ ነው። ክብደቱ እንደ ቀዩ ከ156 እስከ 163 ግራም ነው፤ ልዩነቱ ሽፋኑ ላይ ነው። ቀዩ ቆዳ ቀለሙን ጠጥቶ በቅባት ይወለወላል። ሮዙ ላይ ቀለሙ ከላይ ስለሚቀባ እንዳይላጥ ተጨማሪ ላከር (የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ) ይደረብበታል። ስለዚህ አዲስ እያለ ፒቹ ላይ ሾልኮ ይመጣል፣ አየር ላይም ይታጠፋል፤ ላከሩ አልቆ ቆዳው ሲለሰልስ ደግሞ ለወርዋሪው ምንም አይሠራለትም። ስፌቱም ቢሆን አረንጓዴና ነጭ ክር ተሞክሮ ማታ ለመቺው አልለይ ስላለ ነው ወደ ጥቁር የተዞረው።

ድንግዝግዝ፦
@ቀይ ቆዳ ስለ ኳሱ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ላይ ነው። የአውስትራሊያዋን አደላይድ እንይ። በ2015 ጨዋታው ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምር ነበር፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነበር፣ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ2 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ፓውዛው ብቻውን ሲሠራ መቺ ይለምደዋል። የሚያስቸግረው ሰማዩ እየተለወጠ ሁለቱ ብርሃኖች የሚቀላቀሉበት ያ አንድ ሰዓት ነው። የስፒነርን አንጓ አይቶ ኳሱ ወዴት እንደሚዞር መገመት ያኔ በጣም ይከብዳል።

አምበሎች ይህን ያውቁታል። በ2016 አደላይድ ላይ የደቡብ አፍሪካው አምበል ፋፍ ዱ ፕሌሲ እሱ ራሱ 118 ራን (ነጥብ) ላይ እያለ፣ ቡድኑ 9 መቺ ወጥቶበት 259 ላይ ሆኖ ኢኒንግሱን (የመምታት ተራውን) ዘጋ። ለምን? አውስትራሊያን በአዲስ ሮዝ ኳስ ማታ ለማግኘት። ሁለተኛውን አዲስ ኳስም፣ ማለትም የ80ኛውን ኦቨር፣ ከምሽቱ ጋር ለማገናኘት የሚያሰሉ አሉ። ይህ ለእኔ ጨዋታውን የሚያሳምር ነገር ነው፤ ለመክፈቻ መቺ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው ብትሉኝም አልከራከርም።

አንድ ነገር ግን ላርም። ሮዝ ኳስን የሚቃወሙ ሁሉ የሚጠቅሷቸው ሁለት ውድቀቶች ማታ የሆኑ አይደሉም። በታኅሣሥ 2020 ህንድ መቺዎቿ ሁሉ በ36 ራን ወጥተው ያለቀችው በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። በ2025 ጃማይካ ኪንግስተን ላይ የአውስትራሊያው ወርዋሪ ሚቸል ስታርክ 6 ዊኬት በ9 ራን ወስዶ (9 ራን ብቻ ሰጥቶ 6 መቺ አስወጥቶ) ዌስት ኢንዲስ በ27 ስታልቅም ገና አልመሸም ነበር። በተቃራኒው በ2016 ዱባይ ላይ የፓኪስታኑ መቺ አዝሃር አሊ በዚሁ ኳስ ሳይወጣ 302 አስመዝግቧል። ፒቹ ነው የሚወስነው።

ሳር አጫጅ፦
ፒች ከተባለ እኔም ልግባ። ሮዙ ኳስ ደረቅና ሻካራ ፒች ላይ ላከሩ ቶሎ ይላጣል። ስለዚህ ሜዳ አዘጋጁ ከተለመደው ረዘም ያለ ሳር ፒቹ ላይ ይተዋል፤ በ2015 አደላይድ ላይ የተደረገውም ይኸው ነው። ኳሱን ለማዳን የተተወው ሳር ግን ለስፌት ወርዋሪ (ኳሱን በስፌቱ አንጥሮ አቅጣጫ ለሚያስቀይረው) ስጦታ ነው፤ ያ ጨዋታ በሦስት ቀን አለቀ። ሳሩን ብታነሳውም መዘዝ አለው። በ2021 በህንዷ አህመዳባድ ደረቅ ፒች ላይ የህንዱ ስፒነር አክሳር ፓቴል 11 ዊኬት ሲወስድ ብዙዎቹን ያወጣው በማይዞረው ኳስ ነው፤ መቺው መዞሩን እየጠበቀ ላከሩ ቀጥ አድርጎ ያሾልከዋል። ጨዋታው በሁለት ቀን ተጠናቀቀ።

ሌላው ጤዛ ነው። ሳሩ ሲረጥብ ቆዳው ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ስፒነሩ ጣቱ ላይ አይያዝለትም፣ ስፌቱም ያብጣል። መፍትሔው የውጩን ሜዳ ሳር አሳጥሮ ማጨድ፣ በየእረፍቱ ረጅም ገመድ ሳሩ ላይ መጎተት፣ ጤዛ የሚከላከል ፈሳሽ መርጨት ነው። እነዚህ ሁሉ ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። የህንዷ ኮልካታ በ2019 የመረጠችው ሰዓቱን መሳብ ነው፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ማታ 2 ላይ መጨረስ።

መብራቱንም አትርሱ። የድሮው ሜታል ሃላይድ አምፖል ኃይል ለቅጽበት ከተቋረጠበት ቀዝቅዞ እንደገና እስኪሞቅ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። ጀነሬተሩ ያለ ክፍተት መረከብ ካልቻለ አሮጌ አምፖል ያለው ሜዳ ላይ ማታ ቴስት ባይታሰብ ይሻላል።

ዘጠነኛው መቺ፦
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ታዲያ ጨዋታው በቀይ ተጀምሮ ደመና ሲመጣ በሮዝ ቢቀየርስ?

ቀይ ቆዳ፦
ኳስ ሲቀየር ተተኪው ከነበረው ጋር በእርጅና መቀራረብ አለበት። ስለዚህ ዳኞቹ 10፣ 30፣ 60 ኦቨር ያገለገሉ ሮዝ ኳሶች በሳጥን ይዘው መቆም ይኖርባቸዋል። ያም ሆኖ 60 ኦቨር የሠራ ቀይና 60 ኦቨር የሠራ ሮዝ ጠባያቸው አይገጥምም። ቡድኑ ቀዩን አንድ ጎኑን እየወለወለ ለሪቨርስ ስዊንግ (አሮጌ ኳስ አየር ላይ ከተለመደው በተቃራኒ እንዲታጠፍ) ሲያዘጋጅ ቆይቶ ድንገት ለስላሳ ሮዝ ኳስ ቢሰጡት ድካሙ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሁሉንም ማዞር ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው፤ ሜዳ በሜዳ ይታይ። አደላይድ ላይ ምሽቱ ደረቅ ነው፣ ተመልካችም አለ፤ በ2015 በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። እንግሊዝ ውስጥ ግን በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይደነግዝና ፓውዛው በቅጡ ሳይሠራ ሰዓቱ ይሄዳል፤ በሮዝ ኳስ የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ ተሸክመህ የምታተርፈው ነገር የለም።