ኤፍ ኮርድ አልወጣ አለኝ፦ ጣቴ ነው ወይስ ጊታሩ?

ጠያቂ፦
47 ዓመቴ ነው፤ ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ጊታሩ አኩስቲክ፣ ክሩ ብረት። ሲ፣ ጂ እና ኤ ማይነር ኮርዶች (ባንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ደህና እየወጡ ነው። ኤፍ ላይ ግን ግማሹ ክር ይታፈናል፤ አንድ ሰዓት ስለማመድ ደግሞ አውራ ጣቴ ሥር ያመኛል። ዕድሜ ነው ልበል?

ቅኝት፦
ዕድሜውን ይተዉት፤ መጀመሪያ ጊታሩን ይጠርጥሩ። ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚጫን መቆንጠጫ) 1ኛው ፍሬት ላይ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው ላይ ያስሩና ያንኑ የኤፍ ቅርጽ 2ኛው ላይ ይያዙ። ቀለል ካለዎት ጥፋቱ የነቱ ነው፤ ክሮቹ በመቃኛው በኩል የሚያልፉበት ቦይ ያለው ቁራጭ ማለቴ ነው። ለማረጋገጥ እያንዳንዱን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው 1ኛው ላይ ያለውን ክፍተት ይዩ፤ ፀጉር ቢያሳልፍ ነው። በራስዎ ሞረድ ግን እንዳይነኩት! ቦዩ አንዴ ከጠለቀ ክፍቱ ክር ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ይላል፤ ያኔ ነቱን መቀየር ነው።

እስከዚያው ሁሉንም ክር በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙ። ውጥረቱ 11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ባለ ግራ እጅ፦
ጊታሩም ይታይ፣ የአውራ ጣቱ ሕመም ግን ከመጭመቅ ነው። በሙሉው ኤፍ (ጠቋሚው በክሮቹ ላይ ተጋድሞ በሚያዘው) ጠቋሚ ጣት ስድስቱንም ክር መጫን የለበትም። 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ክር በሌሎቹ ጣቶች ተይዘዋል፤ ለጠቋሚው የሚቀሩት ሁለቱ ቀጫጭኖችና 6ኛው ወፍራሙ ናቸው። ጣቱን ትንሽ ወደ አውራ ጣት አዘንብለው፣ በአጥንታማው ጎኑ፣ ፍሬቱን ተጠግተው ይጫኑ። 2ኛው ክር የጣቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ከታፈነ ጣቱን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ማንሸራተት ይበቃል። ኃይሉ ከክንድ ይምጣ፦ ጊታሩን በቀኝ ክንድ ወደ ደረትዎ አስጠግተው የግራ እጅዎን ክርን ወደ ኋላ ይሳቡ። አውራ ጣትዎን ከአንገቱ አንስተውም ድምፁ ከወጣ ይዘውታል ማለት ነው።

አንድ ሰዓት ባንዴ ብዙ ነው። 15 ደቂቃ በቀን ሦስቴ፣ ከዚያ ውስጥ ለኤፍ ሦስት ደቂቃ። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚለምደው። የጣት ጫፍ የሚቆጠቁጠው መጅ እስኪያወጣ ነው፤ መደንዘዝ ወይም ጠዋት ጣት ታጥፎ አልዘረጋ ማለት ግን ለሐኪም ነው።

ጠያቂ፦
ካፖውን ሞከርኩ፤ ከ2ኛው ክር በቀር ሁሉም ወጣ። ነቱን ላስሞርድ ነው። የክሩ ውፍረት ቁጥር 12 ነው፣ ወደ ቀጭኑ 10 ልቀይረው?

ቅኝት፦
ይቀይሩት፣ ግን ከመሞረዱ በፊት። ቦዩ የሚሞረደው በክሩ ውፍረት ልክ ነው። ደግሞም ክሩ ሲቀጥን አንገቱ ትንሽ ይቃናል፣ የክሩም ከፍታ ይወርዳል፤ ባለሙያው ይህን ለክቶ ነው ሞረዱን የሚያነሣው።