ለክረምቱ የስኬቲንግ አስተማሪ፦ የጋራ ሐሳብ፣ እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት

የሽምብጧ እናት | ሰኞ ማታ
እሁድ በማኅበራችን የተነጋገርነውን ጽፈሽ አምጪ ስለተባልኩ ይኸው። የአምናውን ጣጣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልመለስበትም።

ሐሳቡ አንድ ነው። በባለጎማ ጫማ ስኬቲንግ የሚያስተምር ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ እንቅጠር። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት። አሥራ አንድ ልጆች አሉን። ከየቤቱ በወር 700 ብር ቢዋጣ 7,700 ብር ይሆናል።

የራሴን ጉዳይ አልደብቅም። ልጄ ኤድመንተን እያለን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ይጫወት ነበር። አሁን አሥራ አንድ ሞላው። ነሐሴ መጨረሻ ወደ አባቱ ይመለሳል፤ እንደደረሰ የቡድን ምርጫ አለበት። ባሕር ዳር ከገባን ስምንት ወራችን ነው፤ ስምንት ወር በረዶ አልረገጠም። የዱላውን ሥራ በረንዳ ላይ በኳስ ይለማመዳል፤ ግድግዳዬ ምስክር ነው። የጎደለው እግሩ ነው። ጉልበቱን በደንብ አያጥፍም። በግራ እግሩ ሲገፋ ወደ ጎን መግፋት ሲገባው ወደ ኋላ ይወረውረዋል። አየዋለሁ፤ ማረም ግን አልችልም።

ሆኪ የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ አላልኩም። እግር የሚያርም ሰው ነው የምፈልገው።

ገንዘብ ያዥ | ሰኞ ማታ
ካዝና ውስጥ ያለው 4,350 ብር ነው። ሦስት ቤት የሚያዝያን አልከፈለም። ከአምና የተወሰዱ ሦስት ሄልሜቶችም አልተመለሱም። ይህ ሳይዘጋ ስለ አዲስ መዋጮ ባናወራ ደስ ይለኛል።

የመንታዎቹ አባት | ሰኞ ማታ
ሆኪ የማያውቅ ሰው ሆኪ ተጫዋች እንዴት ያሰለጥናል? ደግሞስ የአንድ ልጅ ጉዳይ የአሥራ አንድ ቤት ወጪ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

የሽምብጧ እናት | ሰኞ ማታ
እዚያም ቢሆን የቡድኑ አሰልጣኝ ሌላ ነው፣ የስኬቲንግ አስተማሪው ሌላ ነው። ባርባራ አንደርሂል የምትባል ካናዳዊት አለች። እ.ኤ.አ. በ1984 በጥንድ ፊገር ስኬቲንግ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ናት። በሙዚቃ የምትጨፍር እንጂ ሆኪ ተጫዋች አልነበረችም። በኋላ ግን የቶሮንቶን ሜፕል ሊፍስ ጨምሮ የትልልቅ የሆኪ ቡድኖችን ተጫዋቾች እግር ስታርም የኖረችው እሷ ናት። አገር ያወቃቸው ጎረምሶች እሷ ፊት ቆመው እንደ ጀማሪ ጉልበታቸውን ያጥፉ ነበር።

ስለ ሒሳቡ፦ መንታዎቹም እኮ ጉልበታቸውን አያጥፉም ወንድሜ። ልጄን የሚያርመው ሰው እነሱንም ያርማል።

የፖሊው | ማክሰኞ ጠዋት
እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። በመስመር የተደረደሩ ጎማዎች ያሉትን ይህን ጫማ በሰፊው ያስተዋወቁት እኮ ሚኒሶታ ውስጥ ያደጉ ሁለት ሆኪ ተጫዋች ወንድማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ነው ነገሩ። በረዶ በሌለበት ወራት እግራችን እንዳይፈታ ብለው። የእኛ ልጆች ጫማ ከሆኪ የወጣ ነው ማለት ነው።

ቦታውን ለእኔ ተዉልኝ። ፖሊ አካባቢ የማውቀው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ሐሙስ ሄጄ ሲሚንቶውን አይቼ፣ ስንጥቁን ፎቶ አንስቼ እዚሁ አስገባለሁ።

ጣና ዳር | ማክሰኞ ጠዋት
ሐይቁ ዳር እሁድ እሁድ የሚያስተምር ልጅ አለ። ሁለት ሳምንት ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ የሚያስተምራቸው መውደቅን ነው። ጉልበት፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ መነሳት። አንዷን ትንሽ ልጅ ሃያ ጊዜ ሳይጥላት አልቀረም፤ እየሳቀች ነው የምትነሳው። ለሁለቱ ቀን በወር 7,000 ብር ይበቃኛል ብሏል።

አንድ ነገር ግን አለው። ፍሬን ያለው ጫማ አይቀበልም። ከሁሉም ልጅ ያስፈታል።

የመንታዎቹ አባት | ማክሰኞ ጠዋት
ምን ያስፈታል?

ጣና ዳር | ማክሰኞ ጠዋት
የተረከዙን ፍሬን ጋሼ። «ልጆቹ ፍሬን ካለ እግራቸውን አያምኑም» ነው የሚለው።

የመንታዎቹ አባት | ማክሰኞ ጠዋት
እንግዲያው እኔ የለሁበትም። ባጃጅ እንደ ንብ በሚርመሰመስበት ከተማ ፍሬን የሌለው ልጅ መንገድ ላይ አላወጣም። ብስክሌት እንኳ ያለ ፍሬን አይሸጥም።

ባለጋራዡ | ማክሰኞ ቀትር
ነገሩን ሳናካብድ። ፍሬኑ በቀኝ ጫማ ተረከዝ ላይ ያለች የጎማ ቁራጭ ናት። የተያዘችው በብሎን ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ እግር በእግር ላይ አሻግሮ ሲታጠፍ ተረከዟ ሌላውን ጫማ ትጠልፋለች። የሆኪ ጫማ ከፋብሪካው ሲወጣም ፍሬን የለውም። የሽምብጧ እናት ልጅ ጫማ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ስምንት ጎማ፣ አሥራ ስድስት ኩሽኔታ፣ ፍሬን የሚባል የለም።

የመንታዎቹ አባት | ማክሰኞ ቀትር
ጋሼ፣ ብሎኑ በሁለት ደቂቃ ይፈታል። የተሰበረ እጅ ግን በሁለት ደቂቃ አይጠገንም። አምና የድባንቄዋ ልጅ ባጃጅ ፊት የወደቀች ዕለት እዚያው ነበርኩ። ያንን ያየ ሰው ፍሬን ይፈታ አይልም።

ጣና ዳር | ማክሰኞ ቀትር
ግን ጋሼ እኮ መንገድ ላይ አይደለም የሚያስተምረው…

የመንታዎቹ አባት | ማክሰኞ ቀትር
አንቺ ልጅ የለሽም። ልጅ ሲኖርሽ እንነጋገራለን።

የድባንቄዋ | ማክሰኞ ማታ
የልጄን እጅ መከራከሪያ አታድርገው። ማንም ሳይጠይቀኝ የልጄ ስም እዚህ ሲነሳ ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነው።

ካነሳችሁት ግን ልንገራችሁ። ያን ቀን ጫማዋ ፍሬን ነበረው። ጫማው አሁንም አልጋዬ ሥር ነው፤ ዛሬ ማታ አውጥቼ አየሁት። ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ተበልተዋል። ፍሬኗ ግን እንደ አዲስ ናት። የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋባትም። ልጄ አንድ ቀን ተጠቅማባት አታውቅም። እንዴት እንደምትቆም ያሳያት ሰው ስላልነበረ ነው። ፍሬን አለ ብለን እኛም አልጠየቅንም።

ገንዘብ ያዥ | ማክሰኞ ማታ
እግዜር ይማራት። እጇ እንዴት ሆነ አሁን?

የድባንቄዋ | ማክሰኞ ማታ
ደህና ነው። ትጽፍበታለች። ጫማውን ግን እስካሁን ነክታው አታውቅም።

የመንታዎቹ አባት | ረቡዕ ጠዋት
እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ከአስፋልቱ ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ። እቅፌ ውስጥ ሆና «እማዬ እንዳትቆጣኝ» ነበር የምትለው። ከዚያ ቀን ወዲህ መንታዎቹ ጫማውን ባነሱ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ንዴቴ ከዚያ የመጣ ነው። ጣና ዳር፣ አንቺንም ያለ ቦታው ተናግሬሻለሁ።

ፍሬኑን ግን አልፈታም። ያ አቋሜ ነው።

የሽምብጧ እናት | ረቡዕ ጠዋት
አትፍታ። ስለ ፍሬን አልነበረም የጻፍኩት። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በረዶ ላይ ልጁ ሲቆም ሁለቱንም እግሩን ወደ ጎን አዙሮ ብረቱ በረዶውን እየፋቀ ነው የሚቆመው። ሸካራ አስፋልት ላይ ያንን ቢሞክር ጎማው ይነክስና ይደፋዋል። ስለዚህ እሱም ራሱ ጎማ ላይ መቆምን እንደ አዲስ መማር አለበት። አንዱን እግር ከኋላ አጋድሞ እየጎተቱ መቆም የሚባለውን። መግፋቱና ጉልበት ማጠፉ ከበረዶ ወደ ጎማ ይሻገራል፤ መቆሙ አይሻገርም። ሁሉም ልጅ አንድ ላይ ሊጀምረው ይችላል።

ባለጋራዡ | ረቡዕ ጠዋት
ባለፍሬኖቹ በአንድ ወገን፣ የሌላቸው በሌላ ወገን ሆነው ቢሠሩስ?

ጣና ዳር | ረቡዕ ቀትር
ደውዬ ጠየቅኩት። ሁለት ቡድን ከሆነ ሁለት ሰዓት ስለሚሆን ዋጋውም እጥፍ ነው አለ።

ገንዘብ ያዥ | ረቡዕ ቀትር
14,000 ብር? አይታሰብም።

የመንታዎቹ አባት | ረቡዕ ቀትር
ባጃጅ የማይገባበት የታጠረ ግቢ ከተገኘ እንደገና አስብበታለሁ። የኔ ጭንቀት መንገዱ ነው።

ባለጋራዡ | ረቡዕ ማታ
አዲሱ የዓባይ ድልድይስ? 380 ሜትር ለጥ ያለ አስፋልት ነው።

የድባንቄዋ | ረቡዕ ማታ
እግረኛና ብስክሌት በሚተላለፍበት? በፍጹም። ግቢ ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ ጣሪያ ያለው። ከሰኔ በኋላ ጠዋት የጣለው ዝናብ እስከ ቀትር አይደርቅም።

ባለጋራዡ | ረቡዕ ማታ
ያ እውነት ነው። ውሃ የገባበት ኩሽኔታ በሳምንቱ ይዝጋል። አምና ክረምት እኔ ጋ ከመጡት ጫማዎች ግማሾቹ በቤንዚን ታጥበው እንኳ አልዳኑም። ድምፁን ብትሰሙት እንደ ወፍጮ ነው።

ገንዘብ ያዥ | ሐሙስ ጠዋት
የፖሊው ሜዳውን አየኸው?

ገንዘብ ያዥ | ሐሙስ ማታ
የፖሊው?

ጣና ዳር | ሐሙስ ማታ
እኔም ደወልኩለት። አያነሳም።

ሰብሳቢ | ሐሙስ ማታ
ዘጌ ለቅሶ ላይ ስለነበርኩ አሁን ነው ሁሉንም ያነበብኩት። ሦስት ቀን ስለ ፍሬን ተጽፏል፤ አስተማሪውን በአካል ያነጋገረ ግን ከጣና ዳር በቀር የለም።

ያላችሁትን አሰባስቤ ረቂቁን አስተካክያለሁ። መጀመሪያ፣ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ካላቸው ትምህርት ቤቶች ለአንዱ የትብብር ደብዳቤ እንጽፋለን። ቀጥሎ፣ ያሉት ሄልሜቶች ተሰብስበው የጎደለው ይገዛል። ሦስተኛ፣ ወላጆቻቸው እንካተት ስላሉ ብስክሌት የሚነዱ ልጆችም ይገባሉ፤ ስለዚህ ረቂቁን «የሕጻናት የመንገድ ደኅንነት» የሚል ርዕስ ሰጥቼዋለሁ፤ ለክፍለ ከተማው ብናቀርበውም ያስኬዳል። አስተማሪ መቅጠሩ አዳራሹ ከተገኘ በኋላ የሚታይ አራተኛ ነጥብ ሆኗል።

ባለጋራዡ | ሐሙስ ማታ
ጥሩ ነው። ለክፍለ ከተማ ከሆነማ የሮቤል ተክለማርያም ነገር ይግባበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ ሰው ነው። በበረዶ ላይ ስኪ፣ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደግሟል። በረዶ የማያውቅ አገር ልጅ የት እንደሚደርስ ይዩት።

ጣና ዳር | ሐሙስ ማታ
ኬንያም አይስ ላየንስ የሚባል የሆኪ ቡድን አላት። ናይሮቢ ፓናሪ ሆቴል ውስጥ በነበረች ትንሽ የበረዶ ሜዳ ነው ያደጉት።

የሽምብጧ እናት | ሐሙስ ማታ
ጋሼ፣ ስለደከሙበት አመሰግናለሁ። ግን የኔ ጥያቄ አራተኛ ላይ ወረደ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ መልስ መጥቶ አዳራሽ እስኪገኝ ነሐሴ ያልቃል። ልጄ ይሄዳል።

ማታ ማታ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የበረንዳውን ሴራሚክ በሳሙና ውሃ ያጥብና በካልሲ ይቆምበታል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። መብራት ሲጠፋ በስልኬ አበራለታለሁ። ትናንት «እማ፣ አሁን ወደ ጎን ነው ወይስ ወደ ኋላ?» አለኝ። ወደ ጎን ነው አልኩት። እውነት ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም።

የሰብሳቢያችን ረቂቅ ይቀጥል። አልቃወምም፤ እፈርማለሁ። እኔ ግን ያን አስተማሪ ለሰኔ ወር ከኪሴ እከፍለዋለሁ። የኔን ልጅ ያስተምር። መምጣት የፈለገ ይምጣ።

ሰብሳቢ | ሐሙስ ማታ
ከማኅበሩ ውጪ መሆኑ ትንሽ ቅር ይላል።

የሽምብጧ እናት | ሐሙስ ማታ
ከማኅበሩ አልወጣሁም ጋሼ። ጊዜ የለኝም።

የድባንቄዋ | ዓርብ ጠዋት
የት ነው የምትሠሩት?

የሽምብጧ እናት | ዓርብ ጠዋት
አንድ ዘመዴ የሚጠብቀው ግቢ አለ። በር ይዘጋል፣ ባጃጅ አይገባም። ሲሚንቶው ትንሽ ሸካራ ነው። በእርምጃዬ ለካሁት፤ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ያንሳል። ቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው። ልጄ የለመደው የሆኪ ሜዳ 61 በ26 ነበር። ለመቆምና ለመታጠፍ ይበቃል። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።

የድባንቄዋ | ዓርብ ጠዋት
እንመጣለን። ጫማውን እይዛለሁ፤ ታድርገው አታድርገው እሷ ትወስን።

የመንታዎቹ አባት | ዓርብ ማታ
መንታዎቹን ይዤ እመጣለሁ። ቆሜ አያለሁ። ፍሬናቸው እንዳለ ነው።

የሽምብጧ እናት | ዓርብ ማታ
ይምጡ። ለአስተማሪው እኔ እነግረዋለሁ።

ባለጋራዡ | ዓርብ ማታ
እኔም እገኛለሁ። የድባንቄዋ ልጅ ጎማዎች በውስጥ በኩል ከተበሉ ግራና ቀኙን ማለዋወጥ ነው፤ እዚያው እሠራዋለሁ። አለንኪ ይዣለሁ፣ ባለ 4 ሚሊ። ሌላ ቁጥር የሚፈልግ ጫማ ያለው ዛሬ ማታ ይንገረኝ።

ገንዘብ ያዥ | ዓርብ ማታ
ሄልሜቶቹ ያሉበት ሰውም ነገ ይዟቸው ይምጣ። ስም አልጠራም። ሦስት ናቸው፤ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ።