የወረደ ቅንድብን ያለ ቀዶ ጥገና ማንሳት ይቻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 48 ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሁለቱም ቅንድቦቼ ውጫዊ ጫፍ ወርዶ የዐይኔን ቆብ ስለተጫነው፣ ኩል ስኳል ቆዳውን በጣቴ ወደ ላይ መያዝ ግድ ሆኖብኛል። ቁስል ሲድን ኬሎይድ (ያበጠ ጠባሳ) ስለሚያወጣብኝ ቀዶ ጥገና አልፈልግም። መንስኤው ምንድን ነው? ሌላ አማራጭስ አለ?

መልስ 1፣ የቆዳ ሐኪም፦
ቅንድብን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ፍሮንታሊስ የሚባለው የግንባር ጡንቻ ነው፤ ወደ ታች የሚጎትቱት ግን በርካታ ናቸው። ፍሮንታሊስ እስከ ውጫዊው ጫፍ ድረስ በሚገባ ስለማይደርስ፣ ከዕድሜ ጋር ቆዳው ኮላጅን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) እያጣ ሲላላና ከሥሩ ያለው ስብና አጥንት ሲሳሳ ቀድሞ የሚወርደው ያ ጫፍ ነው። ፀሐይና ሲጋራ ያፋጥኑታል፤ የዘር ድርሻም አለው።

ቦቶክስ (ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝናና መርፌ) በአግባቡ ሲሰጥ ወደ ታች የሚጎትቱትን ጡንቻዎች ስለሚያዝናና ቅንድቡ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ለውጡ በቀናት ውስጥ ጀምሮ በ2 ሳምንት ገደማ ይሟላል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ላለባቸውም አይሰጥም።

ከዚያ በፊት ግን መስታወት ፊት ቆመው ዐይንዎን ይጨፍኑ፣ ግንባርዎን ያዝናኑ፣ ከዚያም በዝግታ ይግለጡ። የግንባርዎ መስመሮች ወዲያው ከተመለሱ ቅንድብዎን ደግፎ የያዘው ፍሮንታሊስ ነው ማለት ነው።

መልስ 2፦
ሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር (ከቆዳ ሥር የሚወጋ መሙያ) የሳሳውን ቦታ በመሙላት ቅንድቡን ሊደግፍ ይችላል፤ ሆኖም አልፎ አልፎ የደም ሥር ዘግቶ ዐይን እስከማሳወር ስለሚደርስ፣ ማሟሟያው ሃያሉሮኒዴዝ በእጁ ከሌለ ባለሙያ መወጋት የለብዎትም። በአልትራሳውንድ ሙቀት ኮላጅን የማነቃቃት ዘዴም አለ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አልቴራ የተባለውን መሣሪያ ለቅንድብ ማንሻ በ2009 የፈቀደው ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው። ቆዳ ስለማይበሳ ኬሎይድ ለሚያወጣ ሰው ከቆዳ ሥር በሚገባ ክር ቅንድብን ከመሳብ ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ፤ ለውጡ መጠነኛ መሆኑን ግን ይወቁ።

መልስ 3፦
ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር። አንድ ቅንድብ ብቻ በድንገት ከወረደ፣ ግንባር አልኮማተር ካለና ዐይን አልከደን ካለ የፊት ነርቭ ሽባነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ቀናት ያልፋሉ፤ የስቴሮይድ መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የበለጠ የሚጠቅመው። የንግግር መኮላተፍ ወይም የእጅና የእግር መዛል ከታከለበት፣ እንዲሁም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞክሬው መስመሮቹ ወዲያው ተመለሱ።

መልስ 1፣ የቆዳ ሐኪም፦
እንግዲያውስ የግንባር መጨማደድ ለማጥፋት ተብሎ ግንባርዎ ላይ ቦቶክስ እንዳይሰጥዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ፍሮንታሊስ ከደከመ ቅንድብዎ አሁን ካለበት የበለጠ ይወርዳል፣ መድኃኒቱ እስኪለቅ ድረስም ወራት መጠበቅ ግድ ይሆናል።